የሆዳን አሯሯጥ

የሰው ስም መርሳት ከጀመርኩ ቆይቻለሁ። የጎረቤቶቻችንን ልጆች ስም ሳቀያይር ባለቤቴ ትስቅብኛለች። የሰው አሯሯጥ ግን አልረሳም። ዕድሜ ልኩን የሰውነት ማጎልመሻ ሲያስተምር የኖረ ሰው ጡረታ ሲወጣ የሚቀረው ይኸው ዓይን ብቻ ነው። አዳማ፣ ከቤታችን በራፍ ላይ ወንበር አውጥቼ ስቀመጥ፣ ባጃጅ ለመያዝ የሚሮጠውን ሁሉ ሳላስበው እመረምራለሁ፤ ይሄኛው ተረከዙን አስቀድሞ ይጥላል፣ ያቺ ትከሻዋን ጆሮዋ ድረስ ሰቅላለች፣ ያኛው እጁን ደረቱ ላይ ያማስላል። ባለፈው ሰሞን ዝናብ ሲጀምር አንዲት ሴት መንገዱን በሩጫ አቋረጠች። ግራ እጇን አጥፋ ከጎኗ አጣብቃው ነበር፤ ምናልባት ቦርሳዋን ደግፋ ይሆናል። ዝናቡ ሲያባራ እኔ እዚያው ወንበሬ ላይ ነበርኩ፣ ሸሚዜ ውኃ ሆኖ። ባለቤቴ ወጥታ "ምነው፣ አመመህ እንዴ?" አለችኝ። "አይ፣ ጅግጅጋ ትዝ ብሎኝ ነው" አልኳት። ብዙም አልጠየቀችኝም። ስለ ጅግጅጋ ስንት ጊዜ አውርቼላታለሁ። ስለ ተማሪዬ ስለ ሆዳን ግን ትንፍሽ ብዬ አላውቅም።

ጅግጅጋ የተመደብኩት መንግሥት በተለወጠ በጥቂት ዓመታት ውስጥ ነው። ከሐረር በአይሱዙ ተሳፍሬ፣ የካራማራን ቁልቁለት ስንጨርስ ሜዳው ወለል ብሎ ሲታየኝ፣ የመጣሁበትን ደጋ የረሳሁ መሰለኝ። ከተማዋ ያኔ ትንሽ ነበረች፤ ቆርቆሮ ቤት፣ የአህያ ጋሪ፣ ውኃ የጫነ ቦቴ፣ ከሰዓት በኋላ ተነስቶ የሰው ዓይን የሚሞላ ነፋስ። ከሒሳብ መምህሩ ከደምሴ ጋር ከመስጊዱ ጀርባ አንድ ክፍል ተከራይተን እንኖር ነበር። ጠዋት ጠዋት ጥግ ላይ ካለችው ሻሂ ቤት ላሆህ የሚሉትን ስስ ቂጣ በሰሊጥ ዘይትና በስኳር እንበላለን፤ የግመል ወተት የገባበት ሻሂ በብርጭቆ ሃምሳ ሳንቲም ነበር፣ ሲወደድ ሰባ አምስት። ሻሂ ቤቷ ውስጥ ካሴት ከጠዋት እስከ ማታ ይዘፍናል፤ ከባን የሚሉት ክራር መሰል መሣሪያና እንደሚለምን ሰው የሚንቀጠቀጥ የወንድ ድምፅ። ቃሉ ባይገባኝም ዜማውን አሁንም ማንጎራጎር እችላለሁ። ልብሳችን ሁሉ ከሐርተሼክ የሚመጣ ሰልባጅ ነበር። በዚያን ጊዜ ሐርተሼክ የስደተኛ ሠፈርና ገበያ አንድ ላይ የተቀላቀሉባት ቦታ ነበረች፤ ከሸራ ድንኳኑ መካከል የማይሸጥ ነገር አልነበረም፣ ቴፕ፣ ሽቶ፣ የጣሊያን ጫማ። እኔም ከዚያ የመጣ ሰማያዊ ቱታ ነበረኝ፣ በእግሩ በኩል ሦስት ነጭ መስመር ያለው። ያንን ቱታ ለብሼ፣ የሩጫ ሰዓቴን አንገቴ ላይ አንጠልጥዬ በዋናው መንገድ ስሄድ ሰው ሁሉ የሚያየኝ ይመስለኝ ነበር።

ኩራቴ ግን ከቱታው አልነበረም፣ ከኮሌጅ ይዤው ከመጣሁት ጥራዝ ነበር። በስቴንስል የተባዛ፣ ቀለሙ እጅ የሚያበላሽ፣ ስለ አጭር ርቀት ሩጫ የሚያስተምር ጽሑፍ ነው። በውስጡ የሯጭ ሥዕል በስምንት ተከፋፍሎ ተስሏል፤ እግር መሬት ሲነካ፣ ሲገፋ፣ ሲለቅ፣ ተረከዝ ወደ መቀመጫ ሲጠጋ፣ ጉልበት ሲነሳ። ክርን ዘጠና ዲግሪ ይታጠፋል፣ እጅ ከዳሌ እስከ አገጭ ይወዛወዛል፣ ቀኝ እግር ሲሄድ ግራ እጅ አብሮ ይሄዳል፤ ዳሌ ሲዞር ትከሻ በተቃራኒው ካልመለሰው ሰውነት ይጠማዘዛልና። እግር ከሰውነት ክብደት ሥር ማረፍ አለበት፤ ቀድሞ ከፊት ካረፈ ፍሬን ይሆናል። ይህን ሁሉ እንደ ጸሎት በቃሌ ይዤዋለሁ። ዛሬም ትክክል ነው፣ አንድ መስመር አልሰርዝበትም። ያላወቅሁት ሥዕሉ ውስጥ ያለው ሰውዬ ክርኑ ተሰብሮ እንደማያውቅ ነው።

ሆዳን ዘጠነኛ ክፍል ነበረች። ቤተሰቦቿ ከስደት ተመልሰው ሐርተሼክ የቀሩ ናቸው፤ እሷ ለትምህርት ብላ ጅግጅጋ አክስቷ ቤት ትኖራለች። ቀጭን፣ ረጅም፣ ስትናገር ዓይን ዓይን የምታይ ልጅ ነበረች። አማርኛዋን የተማረችው ከገበያ ስለሆነ "አንተ" ትለኛለች፤ በቋንቋቸው አንቱ የሚባል ነገር የለም። መጀመሪያ ላይ ይህም ቅር ይለኝ ነበር። የክፍሉን ሴቶች መቶ ሜትር ያስሮጥኩ ዕለት ከቀሚሷ ሥር ሱሪ ለብሳ፣ ሻርፗን አንገቷ ላይ ቋጥራ፣ ሸራ ጫማዋን አውልቃ በባዶ እግሯ ቆመች። ፊሽካ ነፋሁ። ሌሎቹ ግማሽ ሳይደርሱ እሷ አጠገቤ ደርሳ ነበር። ሰዓቴን አየሁ፤ የተበላሸ መሰለኝ። ደግሜ አስሮጥኳት። ያው ነው። ደምሴ የቤት ሥራ ደብተር ተሸክሞ ሲያልፍ ቆሞ አይቷት ኖሮ "ይቺ ልጅ ናት ወይስ ነፋሱ?" አለኝ። እኔ ግን ያየሁት ሌላ ነበር። ግራ እጇ አይወዛወዝም። ክርኗ ታጥፎ ከጎድኗ ጋር ተጣብቋል፣ ትከሻዋ ብቻ ትንሽ ትንሽ ይነቀነቃል። ቀኝ እግሯ ወደ ውጭ ፈንጠር ይላል። ደረቷ ወደ ግራ ያዘነብላል። በጥራዙ ቢታይ ስምንቱም ሥዕል ላይ ስህተት ነበረባት። "በስህተት እንዲህ ከሮጠች፣ ሲታረም ምን ልትሆን ነው?" አልኩት ደምሴን። "እኔ አንተን ብሆን አልነካትም" አለኝ። የሒሳብ ሰው ስለ ሩጫ ምን ያውቃል ብዬ ሳቅሁ።

የክልሉ ትምህርት ቤቶች ውድድር ከመድረሱ ሁለት ወር በፊት አባቷ ከሐርተሼክ መጣ። ሙሴ ይባላል፤ ሽርጥ የታጠቀ፣ ጢሙን በሒና ያቀላ፣ ዝምተኛ ሰው ነበር። ልጅ እግር ሴት በሜዳ ላይ ስትሮጥ ሰው ምን ይላል የሚለው እንዳስጨነቀው ሳይናገር ይታወቅ ነበር። ካሸነፈች አዲስ አበባ እንደምትሄድ፣ ትምህርቷንም በስፖርት ልትቀጥል እንደምትችል አስረዳሁት። ከዚያ በተሰባበረ አማርኛ "ከዘጠኝ ሰዓት እስከ አሥራ አንድ ሰዓት ልጄን ለአንተ ሰጠሁ። አማና ነው" አለኝና እጄን በሁለት እጁ ያዘ። አማና ማለት አደራ እንደሆነ አውቅ ነበር። ከዚያን ቀን ጀምሮ ሆዳን ዘጠኝ ሰዓት ላይ ሜዳው ላይ ነች፤ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ የአክስቷ ልጅ መጥታ ትወስዳታለች። በነፋስም፣ በአቧራም፣ በጾሙ ወር ምራቋን መዋጥ እያቃታት እንኳ አንድ ቀን አልቀረችም።

እኔም አረምኳት። በመጀመሪያ ቆማ እጇን ብቻ እንድታወዛውዝ አደረግሁ። ግራው አልከፈት ሲል "ሰነፍ አትሁኚ፣ ክፈቺው" አልኳት። "ይኼ እጅ እንቢ ይላል" አለችኝ። "እጅ እንቢ አይልም፣ ሰው ነው እንቢ የሚል" አልኳት። ያን ጊዜ ለምን ብዬ ብጠይቃት ትነግረኝ ነበር። ከብዙ ዓመት በኋላ ነው ያወቅሁት፤ ልጅ ሆና ስደተኛ ሠፈሩ ውስጥ ከውኃ ቦቴ ላይ ወድቃ ክርኗ ተሰብሯል፣ ወጌሻ አስሮት እንደታጠፈ ጠንክሮ ቀርቷል። በዚያ ክንድ ነው ሩጫ የለመደችው። የማይወዛወዘውን እጅ ትከሻዋ ተክቶታል፣ ትከሻዋን ደግሞ ወደ ውጭ የሚፈነጠረው ቀኝ እግሯ አመጣጥኖታል፤ ማዘንበሏም የዚሁ ሒሳብ ነበር። ሰውነቷ ለብቻው ተቀምጦ ያሰላውን እኔ በሁለት ወር ላፈርሰው ተነሳሁ። ክርኗን በግድ ስትከፍት ትከሻዋ ተሳበ፤ እጁ ሲረዝም እርምጃዋም ረዘመ፣ ቀኝ እግሯ ከሰውነቷ ሥር ማረፉ ቀርቶ ከፊት ማረፍ ጀመረ። ያ ፍሬን ያልኩት ነገር ማለት ነው። እንዲህ በሆነ ቁጥር የተለጠጠው የኋላ ታፋዋ ጡንቻ ክብደቷን ሁሉ ይይዛል። ይህም በጥራዜ ላይ ተጽፎ ነበር። ሰዓቷ በየሳምንቱ ሲዘገይ እያየሁ "አዲስ ነገር ስትለምጂ መጀመሪያ መዘግየት ያለ ነው" እላት ነበር። ከውድድሩ ሳምንት ቀደም ብሎ ከኋላ ታፋዋን እየነካች "እዚህ ጋ ይስበኛል" ስትለኝ፣ ቅባት ሰጠኋትና "ጉልበት ከፍ" አልኩ።

የውድድሩ ቀን ሜዳው ዙሪያውን ሰው ሞልቶታል። ሴቶቹ ባለ ብዙ ቀለም የራስ ሻርፓቸውን፣ ጋርባሳራቸውን፣ ነፋስ እንዳይወስድባቸው በጥርሳቸው ነክሰው ቆመዋል፤ አንዱ ነጋዴ ብስኩትና ለስላሳ በጋሪ ያዞራል። ሆዳን እንዳስተማርኳት ተነሳች፣ እጇ እንደ ሥዕሉ፣ ጉልበቷ እንደ ሥዕሉ። ደምሴ ኋላ እንደነገረኝ፣ እንደዚያ ስትሮጥ ያያት ሰው ሌላ ልጅ መስላዋለች። ስልሳ ሜትር ላይ በጅራፍ እንደተመታች ዘላ ወደቀች። ታፋዋን ይዛ ተቀመጠች እንጂ አላለቀሰችም። ስደርስ ቀና ብላ አየችኝና "እንደ ነገርከኝ ነው የሮጥኩት" አለች። ስሞታ አልነበረም፤ የተሳሳተ ነገር እንዳላደረገች እንድመሰክርላት ነበር።

አልመሰከርኩላትም። በማግሥቱ ዳይሬክተሩ ጠራኝ። ትምህርት ቤቱ ተስፋ የጣለባት ልጅ ስለነበረች፣ መምህሩ ነው ያበላሻት የሚል ወሬ መናፈሱን ነገረኝና "ምክንያቱን በጽሑፍ አቅርብ" አለኝ። ሻሂ ቤቷ ውስጥ ተቀምጬ ጻፍኩ። ቃሉን እስከ ዛሬ አልረሳሁትም። "ተማሪዋ ላለፉት ሦስት ሳምንታት ልምምድ ላይ በአግባቡ ያልተገኘች በመሆኑ ጡንቻዋ ለውድድር ዝግጁ አልነበረም።" ሌላ ሰበብ መፈለግ እችል ነበር። ሜዳው፣ ነፋሱ፣ ጾሙ ነበር። እኔ ግን ከእኔ አርቆ ወደ እሷ የሚያስጠጋውን መረጥኩ። ጸሐፊዋ በጽሕፈት መኪና መትታ ስታመጣው ከግርጌው "ግልባጭ፦ ለተማሪዋ ወላጅ" የሚል ተጨምሮበታል። አየሁት። ፈረምኩ። በዚያች ሰዓት የፈራሁት ለደመወዜና ለስሜ ብቻ ነበር፤ ያ ወረቀት ሐርተሼክ ሲደርስ እዚያ ምን ተብሎ እንደሚነበብ አላሰብኩም።

ሆዳን ወደ ክፍል አልተመለሰችም። እግሯ እስኪድን ነው ብዬ ነበር። ሳምንታት ሲያልፉ የአክስቷን ልጅ ጠየቅኋት። "አባቷ ወስዷታል። ድሯታል፣ አይሻ ከተማ" አለችኝ፤ ከዚያ በላይ ሳትቆም ሄደች። ያን ጊዜ ለራሴ ያልኩትን መጻፍ አሁንም ይከብደኛል። ባህላቸው ነው፣ ምን ይደረግ፣ አልኩ። ለደምሴም ይህንኑ አልኩት። ከዚያ ወዲያ አብረን ሻሂ ስንጠጣ ስለ ተማሪ አውርተን አናውቅም። በሁለተኛው ዓመት ዝውውር ጠይቄ ወጣሁ።

ብዙ ዓመት ካለፈ በኋላ፣ የደምሴን ልጅ ሠርግ ለመብላት ወደ ጅግጅጋ ተመለስኩ። ደምሴ እዚያው አግብቶ፣ እዚያው ወልዶ፣ እዚያው ሸብቶ ነበር። ከተማዋን አላወቅኋትም፤ አስፋልት፣ ፎቅ፣ ባጃጅ። ሻሂ ቤቷ የሞባይል መሸጫ ሆናለች፣ ብርጭቆ ሻሂም በብር መቆጠር ከጀመረ ቆይቷል። በሠርጉ ማግሥት ለባለቤቴ ድራዕ፣ ያንን ስስ የሱማሌ ቀሚስ፣ ልገዛ ወደ ገበያ ወጣሁ። አንዲት ሻጭ ጨርቅ ስትዘረጋልኝ ግራ እጇ ክርኗ ላይ ታጥፎ አልዘረጋም አለ። ቀና ስል እያየችኝ ነበር። "ቲቸር ታደለ፣ እርስዎ ነዎት?" አለችኝ። ያ እርስዎ ከምን ጊዜውም "አንተ" በላይ ከበደኝ። ከደገኛ ነጋዴ ጋር ስትገበያይ የለመደችው ይሆናል።

በርጩማ ሰጠችኝ። ባሏ ሾፌር እንደነበረና እንደሞተ፣ ሦስት ልጆች እንዳሏት፣ አይሻ ከተማ ባቡር ጣቢያው አጠገብ ብዙ ዓመት ከኖረች በኋላ ወደዚህ እንደመጣች ነገረችኝ። ስለ ክርኗም ጠየቅኋት፤ ሃያ ዓመት ዘግይቼ። ስትጨርስ ለዓመታት በልቤ ያዘጋጀሁትን ተናገርኩ። "እግርሽን ያበላሸሁት እኔ ነኝ። ሩጫሽ ትክክል ነበር። አስተማርኩሽ እያልኩ ጎዳሁሽ።" ጨርቁን እያጠፈች ሰማችኝ።

"እግሬማ በሁለት ወር ዳነ" አለች። "የወረቀቱ ነው የገረመኝ።"

የትኛውን ወረቀት እንደምትል ገባኝ።

"አባቴ አማርኛ ማንበብ አይችልም። ሰው አስነበበ፣ በገበያ መሐል። ሦስት ሳምንት ልምምድ አልነበረችም ይላል። ታዲያ ከዘጠኝ እስከ አሥራ አንድ ሰዓት የት ነበረች? ያነበበለት ሰውዬ ነው እንደዚህ ብሎ የጠየቀው። አባቴ ጥያቄውን ለእኔ አላመጣውም። በሳምንቱ ዳረኝ።"

"የአክስትሽ ልጅ ታውቅ የለም እንዴ? በየቀኑ እየመጣች ትወስድሽ አልነበር?"

"እሷ ልጅ ናት። ወረቀቱ ግን የመምህር ፊርማ አለበት።" የታጠፈውን ጨርቅ ከሌሎቹ ላይ ደረበችው። "እስኪሞት ድረስ የት ነበርሽ አላለኝም። ቢጠይቀኝ ይሻለኝ ነበር።"

ያን ሁሉ ዓመት ስጸጸት የኖርኩት በአንድ ጡንቻ ነበር። ባህላቸው ነው ብዬ የተገላገልኩት ነገር በእኔ እጅ ተጽፎ፣ በእኔ ፊርማ የሄደ ነው። አባትየው እጄን ይዞ የሰጠኝን ሁለት ሰዓት እኔ ነበርኩ በልጁ ላይ ክስ ያደረግሁት። "ምን ላድርግ?" አልኳት። ይቅርታ የሚለው ቃል አፌ ላይ መጥቶ ማፈሪያ ሆነብኝ።

"አባቴ የለም" አለች። "ሆዮ ግን አለች፣ እናቴ፤ ሐርተሼክ ናት። ነገ ጠዋት እሄዳለሁ። መምጣት ከፈለጉ መኪናው ከዚህ ነው የሚነሳው።" ከዚያ ወደ ሌላ ገበያተኛ ዞረች።

የመመለሻ ትኬቴ ለዚያው ጠዋት ተቆርጦ ነበር። ደምሴ ቤት ቁርስ ላይ ሆኜ ልሂድ አልሂድ እያልኩ ሳመነታ፣ ለመጀመሪያ ጊዜ ነገሩን ሁሉ ነገርኩት። "እኔ አንብቤው ነበር፣ ያን ደብዳቤ" አለኝ ደምሴ፣ ዓይኑን ከሳህኑ ሳያነሳ። "ዝም አልኩ። ሂድ።"

ሐርተሼክ ውስጥ ድንኳን የሚባል አልቀረም፤ ሜዳና ነፋስ፣ ጥቂት ሱቅ፣ እዚህም እዚያም ቆርቆሮ። የሆዳን እናት፣ በአክብሮት ኤዶ ፋዱማ የሚባሉት፣ ምንጣፍ ላይ ተቀምጠው ነበር፤ ዓይናቸው ደክሟል። አማርኛ አይሰሙም። እኔም የማውቀው ሱማልኛ ከሻሂ ማዘዝ አያልፍም። ስለዚህ ነገሩን ማስተርጎም የነበረባት ራሷ ሆዳን ነበረች። እኔ አንድ ዓረፍተ ነገር እላለሁ፣ እሷ ዓይኗን ምንጣፉ ላይ ተክላ ትመልሳለች። የጻፍኩት ውሸት እንደነበር ተናገርኩ። የጻፍኩትም ራሴን ለማዳን እንደሆነ ተናገርኩ። "በዚያ ሁለት ወር ውስጥ ልጅዎ ከዓይኔ አልጠፋችም፤ አንድ ቀን አልቀረችም" ስል ሆዳን አቆመች። ውኃ ጠጣች። ከዚያ ተረጎመችው።

አሮጊቷ ይረግሙኛል ብዬ ነበር፤ ቢረግሙኝም ይገባኝ ነበር። አንድ ነገር ብለው ወደ በሩ አመለከቱ። "ለአጎቴም ይናገር ብላለች" አለችኝ ሆዳን። የሙሴ ወንድም ተጠርተው መጡ፤ ከመጀመሪያው ጀምሬ ተናገርኩ። ከዚያ ጎረቤት ተጠራ። ደግሞ ባለ ሱቁ። እያንዳንዱ ሲገባ ጫማውን አውልቆ ይቀመጣል፣ እኔም እጀምራለሁ፤ ስሜን፣ ሥራዬን፣ ወረቀቱን፣ ውሸቱን። ማንም አልሰደበኝም፤ ሻሂ ሰጡኝ፣ ልጠጣው ግን አልቻልኩም። አንዲት በዕድሜ የገፉ ሴት በምርኩዝ ሲገቡ አፌን ልከፍት ስል፣ ኤዶ ፋዱማ እጃቸውን አንስተው ዝም አሰኙኝና ራሳቸው መናገር ጀመሩ። ከሆዳን ስም በቀር አንድም ነገር አልገባኝም። በጣታቸው ምንጣፉን እየመቱ "ማሊን ዋልባ፣ ማሊን ዋልባ" ሲሉ ብቻ ይሰማኛል።

"ምን ማለት ነው?" አልኳት ሆዳንን ቀስ ብዬ።

"በየቀኑ" አለችኝ።